መዋጮው ምን ይገዛል? ማኅበራት በጽንስ ማቋረጥ ላይ የሚይዙት አቋም እንደ አገልግሎት ሲመዘን

ከደመወዝ ላይ በየወሩ የሚቆረጥ የማኅበር መዋጮ ክፍያ ነው፤ ክፍያ ደግሞ አገልግሎት ይጠየቅበታል። የሠራተኛ ማኅበር በጽንስ ማቋረጥ መብት ላይ አቋም ይያዝ ወይስ አይያዝ የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሃይማኖትና የፖለቲካ ሙግት ሆኖ ይቀራል። እዚህ የምንመዝነው ግን እንደማንኛውም አገልግሎት ነው፦ ለከፋዩ ምን ያስገኛል፣ ስንት ያስወጣል፣ የቱ ጋ ይሰበራል?

መለኪያችን አንድ ነው። አንዲት አባል የሐኪም ወረቀት ይዛ ወደ ሥራ ቦታዋ የማኅበር ተጠሪ መጣች እንበል። ከትናንት በስቲያ ቀርታለች፣ ነገም ትቀራለች፣ አለቃዋ ምክንያቱን እየጠየቀ ነው። ተጠሪው ከመሳቢያው አውጥቶ የሚያሳየው አንቀጽ አለው? ካለው አገልግሎቱ ይሠራል። ከሌለው የማኅበሩ ሊቀመንበር በአደባባይ የተናገረው ሁሉ ለዚያች ሴት የአንድ ቀን ደመወዝ አያወጣም። ፍርዳችንን ቀድመን እንናገር፦ ማኅበር አቋም ሊኖረው ይገባል፤ ግን ከኅብረት ስምምነቱ አንቀጽ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚያድግ እንጂ ከመግለጫ ጀምሮ መግለጫ ላይ የሚያልቅ አይደለም።

«የማኅበር ሥራ አይደለም» ለሚሉ፦ የዓለም ሥራ ድርጅት የ1948 (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስምምነት ቁጥር 87 በአንቀጽ 3 ማኅበራት ደንባቸውንና መርሐ ግብራቸውን ራሳቸው እንዲያወጡ ይፈቅዳል። ስለዚህ ዋናው ነገር ፈቃድ ማግኘቱ ሳይሆን አሠራሩ ነው።

ዝምታ፦ ከአምስት ሁለት

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል። ዝምታ ርካሽ ነው፤ አባል አያስኮርፍም፣ ስብሰባ አያስረዝምም። የአሜሪካው ትልቁ የሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን ኤኤፍኤል-ሲአይኦ በ1990 ጉዳዩን ኮሚቴ አቋቁሞ ካስጠና በኋላ አቋም ላለመያዝ ወሰነ። በሥሩ ያሉት ማኅበራት አባሎች በእምነትም በፖለቲካም የተለያዩ ስለነበሩ ውሳኔው ለጊዜው አንድነቱን ጠበቀ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 24 ቀን 2022 ጽንስ ማቋረጥን መብት ያደረገውን የ1973ቱን የራሱን ውሳኔ ሲሽር ግን የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሽረቱን ተቃውማ መግለጫ አወጣች። በ32 ዓመት ውስጥ ዝምታው የቆየው ከውጭ ያለው ሕግ ባለበት እስከቆየ ድረስ ነበር ማለት ነው።

የዝምታ ሁለተኛው ጉድለት ለላይኛው ቢሮ እንጂ ለታችኛው ተጠሪ አለመሥራቱ ነው። እንዲህ ያለው ኮንፌዴሬሽን ራሱ ከአሠሪ ጋር አይደራደርም፤ ስለዚህ ዝም ሊል ይችላል። የድርጅት ማኅበር ግን አባሉ በቀረችበት ቀን ምክንያት ስትቀጣ ቅሬታውን መያዝ ወይም መተው የግድ ነው፤ መተውም አቋም ነው። በአሜሪካ የ1978ቱ የእርግዝና አድልዎ ሕግ ጽንስ አቋርጣለች ተብላ የተባረረችን ሠራተኛ ይጠብቃታል። ቀጣሪው የጤና ዋስትናው ወጪውን እንዲሸፍን ግን አያስገድደውም፤ የእናቲቱ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅና ከማቋረጡ በኋላ ችግር ሲከተል ብቻ ነው የሚያስገድደው። «አቋም የለንም» ያለ ማኅበር ይህን ልዩነት ለተጠሪዎቹ ሳያስተምር ይቀራል፤ ተጠሪውም የሚቻለውን ክስ «አይመለከተንም» ብሎ ይመልሳል። ሁለት ነጥብ የሰጠነው በዚህ ነው።

መግለጫና ሰልፍ፦ ከሁለት እስከ አራት፣ እንደ አካሄዱ

የተሳካው ምሳሌ ብሪታንያ ነው። የማኅበራቱ ኮንግረስ ቲዩሲ ጥቅምት 28 ቀን 1979 በለንደን የጠራው ሰልፍ አንድ የምክር ቤት አባል ባቀረበው ረቂቅ ላይ ያነጣጠረ ነበር፤ ረቂቁ ጽንስ ማቋረጥን የፈቀደውን የ1967ቱን ሕግ ሊያጠብ ነበር የመጣው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ፤ ረቂቁም በ1980 ሳይጸድቅ ቀረ። ያሠራው ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኮንግረሱ ከአራት ዓመት በፊት በ1975 በጉባኤ ድምፅ ወስኖ ስለነበር አመራሩ የሚጠቅሰው ቃለ ጉባኤ ነበረው። ሁለተኛ፣ ዒላማው የታወቀ ረቂቅ ነበር፤ ሰልፈኛው ምን እንደሚቃወም ያውቅ ነበር።

ያልተሳካውም ከዚያው አገር ነው። በ2016 የአዋላጅ ነርሶቹ ማኅበር ጽንስ ማቋረጥ ከወንጀል ሕግ እንዲወጣ የሚጠይቅ ዘመቻ ደገፈ። ውሳኔው የተላለፈው በቦርዱ ነበር፤ ብዙ አባላት ከዜና ሰሙ፤ «በስማችን አይደለም» የሚል ተቃውሞም ተነሣ። ዋና ሥራ አስፈጻሚዋ በዚያው ጊዜ ጽንስ የማቋረጥ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ቦርድ ሰብሳቢ መሆናቸው እሳቱን አባባሰው። ልብ በሉ፦ ሰዉን ያስቆጣው የአቋሙ ይዘት ብቻ አይደለም፤ አለመጠየቁ ነው። የአቋሙ ደጋፊ የሆነ አባል እንኳ «ለምን አልተጠየቅሁም» ማለቱ አይቀርም።

ሦስተኛው ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደ ነው። የፖላንዱ ሶሊዳርኖሽች በ1990 ሁለተኛ ጉባኤው ላይ ያልተወለደ ሕይወት በሕግ እንዲጠበቅ የሚል ውሳኔ አሳለፈ። የማኅበሩ የሴቶች ክፍል ተቃወመ፤ በ1991 ክፍሉ ፈረሰ። ጽንስ ማቋረጥን የሚገድበው ጥብቅ ሕግ በጥር 1993 ወጣ። «አቋም ያዙ» የሚሉ ሰዎች አቋሙ ሁልጊዜ ወደሚወዱት ወገን የሚሄድ ይመስላቸዋል። ድምፅ የሚሰጡት ከጉዳዩ የራቁ ወንዶች ሲበዙ ውጤቱ ያንን አብላጫ ይመስላል። የሴቶች ክፍል ያለው ማኅበር ለክፍሉ ረቂቁን ቀድሞ የማየትና አስተያየቱን ከረቂቁ ጋር አባሪ አድርጎ የማስጻፍ መብት በመተዳደሪያ ደንቡ ቢሰጠው፣ ቢያንስ ተቃውሞው በመዝገብ ላይ ይቀራል።

አንቀጹ፦ ከአምስት አምስት ሊያገኝ የሚችለው ክፍል

እዚህ ላይ እንቆይ፤ ገንዘቡም ምስጢሩም ያለው እዚህ ነው።

መነሻው የዓለም ሥራ ድርጅት የ2000 ስምምነት ቁጥር 183 ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው 14 ሳምንቱን የወሊድ ፈቃድ ነው፤ አንቀጽ 5ን ግን የሚያነብ ጥቂት ነው። ይህ አንቀጽ ከእርግዝና ወይም ከወሊድ ለሚመጣ ሕመም፣ ውስብስብ ችግርና ለችግሩ ሥጋት በሐኪም ማስረጃ ተጨማሪ ፈቃድ ይሰጣል። አንቀጽ 8 ደግሞ በእርግዝናና በፈቃድ ጊዜ ስንብትን ይከለክላል፤ ስንብቱ ከእርግዝናው ጋር አይገናኝም የሚል አሠሪም ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። ለተደራዳሪ ይህ ወርቅ ነው፤ በጠረጴዛው ላይ «ጽንስ ማቋረጥ» የሚል ቃል ሳያነሣ ብዙ መንገድ ይሄድበታል።

አገሮች አንቀጹን እንዴት እንደጻፉት ማነጻጸር ይጠቅማል። የህንድ የእናቶች ጥቅም ሕግ ጽንስ ለጨነገፈባትም በሕክምና ላቋረጠችም እኩል ስድስት ሳምንት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ግን ማስረጃ ማቅረብ ግድ ነው። ስፔን በ2023 ባወጣችው ሕግ እርግዝና «በፈቃድም ይሁን ያለፈቃድ» ሲቋረጥ የሚሰጥ ልዩ የሕመም ፈቃድ አስገባች፤ እነዚህ ቃላት ሠራተኛዋን የማትፈልገውን ነገር ከመናገር ያድኗታል። ኒውዚላንድ በ2021 የሦስት ቀን የሐዘን ፈቃድ ለጨነገፈባት ሰጠች፤ ላቋረጠች ግን አልሰጠችም። ውጤቱ ግልጽ ነው፦ ፈቃዱን የጠየቀች ሴት የቱ እንደሆነ ተናገረች ማለት ነው፤ ያልጠየቀችም በዝምታዋ ትጠረጠራለች። ሁለቱን የሚለያይ አንቀጽ ከፈቃዱ በፊት ጥርጣሬን ያመጣል፤ ለዚህ ዓይነት አጻጻፍ ዝቅተኛውን ነጥብ እንሰጣለን።

ስንት ቀን? በመድኃኒት የሚደረግ ማቋረጥ ሁለት ደረጃ አለው፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መድኃኒት መካከል አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያልፋል፤ ከባዱ ሕመምና ደም የሚመጣው ከሁለተኛው በኋላ ነው፤ ቀላል ደም ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል። ከዚህ ላይ የግዴታ መጠበቂያ ጊዜ ይደመራል፤ የአየርላንድ የ2018 ሕግ ለምሳሌ ሐኪሙ ካረጋገጠ በኋላ ሦስት ቀን ማሳለፍን ይጠይቃል። ስለዚህ «የሕክምናው ቀን» ብቻ የሚል አንቀጽ አይበቃም፤ የምክር ቀንን፣ የጉዞ ቀንንና ሐኪሙ የጻፈውን ማገገሚያ መሸፈን አለበት። ቆሞ የሚሠራ፣ ከባድ የሚያነሣና ሌሊት የሚገባ ሠራተኛ ከወንበር ሠራተኛ እኩል አይቆጠር።

እነዚህ ቀናት ተበታትነው ሲመጡ ሌላ ወጥመድ አለ። ብዙ ድርጅቶች መቅረትን የሚቆጥሩት «የብራድፎርድ ስሌት» በሚባለው ነው፦ በ52 ሳምንት ውስጥ የቀሩበት ጊዜ ብዛት በራሱ ተባዝቶ፣ በጠቅላላ ቀናቱ ይባዛል። አንድ ጊዜ ለአራት ቀን የቀረች ሠራተኛ 1 በ1 በ4፣ ማለትም 4 ነጥብ ታገኛለች። ያንኑ አራት ቀን በሦስት ጊዜ የቀረች፣ አንድ ለምክር፣ አንድ ለመጀመሪያው መድኃኒት፣ ሁለት ለማገገም፣ 3 በ3 በ4፣ ማለትም 36 ነጥብ ይጻፍባታል። ሕመሙ አንድ፣ ቀኑ አራት፣ ቅጣቱ ዘጠኝ እጥፍ። «ተያያዥ የሕክምና መቅረቶች እንደ አንድ ጊዜ ይቆጠራሉ» የሚል አንዲት ዓረፍተ ነገር ይህን ታፈርሳለች፤ ቀጣሪውን ምንም አታስወጣውም፤ ክርክርም አታስነሣም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ርካሹና ጠቃሚው ጥገና ይህ ነው ብንል አልተጋነነም።

ለአጻጻፍ ሁለት ንብርብር እንመክራለን። ለአጭሩ መቅረት፦ «ሠራተኛዋ የምታቀርበው የሐኪም ማስረጃ ከሥራ መቅረት የሚገባትን ጊዜ ብቻ ይገልጻል፤ የሕመሙ ወይም የሕክምናው ዓይነት አይጠየቅም፣ አይመዘገብም።» ለረጅሙ፦ «እርግዝና በማናቸውም ምክንያት ሲቋረጥ» የሚል። ሁለተኛው ብቻ ከተጻፈ እርግዝናው ራሱ ይገለጣል፤ የመጀመሪያው ብቻ ከተጻፈ ረጅም ማገገም ያስፈለጋት የሕመም ፈቃዷን ትጨርሳለች።

ምስጢሩ የሚሾልከው ደግሞ ከማይጠበቅበት ነው። ደመወዝ መክፈያ ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ የፈቃድ ዓይነት መለያ ቁጥር አለው፤ ለዚህ ፈቃድ የብቻው መለያ ከተሰጠው በደመወዝ ወረቀቱ ላይ የሚያይ ሁሉ ያውቃል። ከሌሎች የሕክምና ፈቃዶች ጋር በአንድ መለያ እንዲገባ ውል ውስጥ ይጻፍ። ማስረጃውን የሚያነበው የሰው ሀብት ክፍል አንድ ሰው ይሁን፤ የቅርብ አለቃ «ተፈቅዷል» የሚል መልእክት ብቻ ይድረሰው። ተጠሪውም ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የሕክምናውን ዓይነት አይጻፍ፤ በስም ፋንታ የቅሬታ ቁጥር ይጠቀም፤ በድርጅቱ ኢሜይል አይላክ። በአብዛኛው አገር የማኅበር ተጠሪ እንደ ሐኪም ወይም እንደ ጠበቃ በሕግ የተከበረ ምስጢራዊነት የለውም፤ ማቋረጥ ወንጀል በሆነበት ቦታ ያ ደብተር ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

የሕክምና ፈንድና የጉዞ ወጪ፦ ከአምስት ሦስት ተኩል

ይህ በተለይ አሜሪካን ይመለከታል፤ የጤና ዋስትናው በማኅበርና በአሠሪ የጋራ ፈንድ የሚተዳደርበት ቦታ ስለሆነ። ፈንዱ የሁለቱ ወገን እኩል ቁጥር ያላቸው ባለአደራዎች አሉት፤ ስለዚህ ማኅበሩ ብቻውን ጥቅም መጨመር አይችልም። ድምፁ እኩል ሲከፈል ገለልተኛ ዳኛ ይገባል።

ወሳኙ ጥያቄ ፈንዱ ወጪውን ራሱ ይሸፍናል ወይስ ከኢንሹራንስ ኩባንያ ፖሊሲ ይገዛል የሚለው ነው። ራሱ የሚሸፍን ከሆነ የ1974ቱ የፌዴራል ሕግ ኤሪሳ ከክፍለ ግዛት የኢንሹራንስ ሕግ በአብዛኛው ይከልለዋል። የተገዛ ፖሊሲ ከሆነ የክፍለ ግዛቱ ክልከላ በፖሊሲው ላይ ይሠራል። ኤሪሳ ግን አጠቃላይ የወንጀል ሕግን አይሽርም፤ ይህን ሳያጣሩ «ፌዴራል ሕግ ይጠብቀናል» ያሉ ባለአደራዎች በራሳቸው ላይ አደጋ ያስቀምጣሉ። የጉዞ ጥቅም ሲጻፍ «በ150 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለማይገኝ ማናቸውም የሕክምና አገልግሎት» ዓይነት ርቀትን የሚለካ አጻጻፍ ይሻላል፤ የካንሰር ታካሚንም ይጠቅማል፣ ጠያቂዋንም አይለይም። ከግብር ነጻ የሚሆነው ማደሪያ ለአንድ ሰው በሌሊት 50 ዶላር ብቻ ነው፤ አጃቢ ካስፈለገ 100። ጣሪያውን በሰነዱ ላይ ያልጻፈ ፈንድ ሆቴሉን ከከፈለ በኋላ ለአባሏ የግብር ዕዳ ያተርፍላታል። የመጨረሻውን ግማሽ ነጥብ የቀነስነው በወጪ ማስመለሻ ቅጹ ነው፤ «የአገልግሎት ዓይነት» የሚል ሣጥን ያለው ቅጽ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ባዶ ያደርገዋል።

የሕሊና ተቃውሞ፦ ሁለቱም ወገን አባል የሆነበት

በሆስፒታል ውስጥ ማኅበሩ ማቋረጡን የምትሠራዋንም፣ «እጄን አላስገባም» የምትለዋንም በአንድ መዋጮ ይወክላል። የብሪታንያ ሕግ ለሁለተኛዋ መብት ይሰጣል፤ ግን ጠባብ ነው። በ1988 የጌቶች ምክር ቤት (ያኔ የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት) ፍርድ የሪፈራል ደብዳቤ መተየብ «መሳተፍ» አይደለም ተባለ፤ በ2014 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሌሎችን መመደብና መቆጣጠር ከተቃውሞው ውጭ ነው ብሎ በሁለት ኃላፊ አዋላጆች ላይ ፈረደ። ሕይወት ለማዳን በሚደረግ ሕክምና ላይ ተቃውሞ የለም። የእኛ ምክር፦ ተቃውሞው በጽሑፍ፣ ከፈረቃው ድልድል በፊት ይግባ፤ የማትቃወመዋም ሁልጊዜ እሷ ብቻ እንዳትመደብ በወር የፈረቃ ብዛቷ ይወሰን። የሁለቱ ጸብ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ እምነት ሳይሆን ድልድሉ ነው። አንዷን ብቻ የሚጠብቅ ማኅበር የሌላዋን መዋጮ በነጻ ወሰደ።

ድምፅ አሰጣጡ

አንድ ጥያቄ አድርጎ ማቅረብ ዋናው ስህተት ነው። ሦስት አድርጉት፦ ለፈቃዱና ለምስጢሩ አንቀጽ እንደራደር? የተቀጣ አባልን እንከላከል? በአገሪቱ ሕግ ላይ በአደባባይ አቋም እንያዝ? ሦስተኛውን የሚቃወም ሰው የመጀመሪያውን ሊደግፍ ይችላል፤ አንድ ላይ ሲታሰሩ ግን ሁሉንም ይጥላል። ጽሑፉ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ለአባላት ይድረስ፤ ድምፁ ምስጢራዊ ይሁን፤ የምሽት ፈረቃ የሚመርጥበት ሰዓት ይኑር፤ ምልአተ ጉባኤው ለመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ በሚያስፈልገው መጠን ቢሆን ይመረጣል። ለሦስተኛው ጥያቄ የገንዘብ ጣሪያና የሚያበቃበት ዓመት ይጻፍ።

ከድምፁ በፊት ጥናት ማድረግ የሚያዋጣ መሆኑን አየርላንድ አሳይታለች። ጽንስ ማቋረጥን የከለከለውን የሕገ መንግሥቱን ስምንተኛ ማሻሻያ ለመሻር የተሰባሰቡ ማኅበራት በ2017 ከ3000 በላይ አባላትን ጠይቀው ጉዳዩን እንደ ሥራ ቦታ ጥያቄ አቀረቡት፦ ለጉዞ የሚወሰድ የዓመት ፈቃድ፣ የሚከፈል ገንዘብ፣ ለአለቃ የሚነገር ሰበብ። በ1983 የገባው ማሻሻያ ግንቦት 25 ቀን 2018 በ66.4 በመቶ ድምፅ ተሻረ። ያንን ያመጡት ማኅበራት ብቻ ናቸው ማለት አይቻልም፤ ግን አባሎቻቸው የሚያውቁትን ነገር ይዘው ወደ ክርክሩ ገቡ።

የተቃዋሚ አባል ገንዘብ ጉዳይ ደግሞ አስቀድሞ ይታሰብበት። በአሜሪካ ከ1988ቱ የቤክ ፍርድ ወዲህ በግል ድርጅት ውስጥ አባል መሆን የማይፈልግ ሠራተኛ ከድርድርና ከውክልና ውጭ ላለው ወጪ እንዳይከፍል መጠየቅ ይችላል፤ ከ1980 ጀምሮም በሃይማኖቱ ምክንያት ማኅበርን መደገፍ የማይፈቀድለት ያንኑ ያህል ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ሊያውል ይችላል። ሕግ በማያስገድድበት አገርም ማኅበሩ የዘመቻውን ወጪ በተለየ ሒሳብ ቢይዝ፣ ሒሳብ ሹሙ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነሥቶ «ከዚህ ብር ለሰልፉ አልወጣም» ማለት ይችላል። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከሊቀመንበሩ የግማሽ ሰዓት ንግግር ይልቅ ብዙ ሰው ያረጋጋል።

አንድ ነገር ቀረ፤ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። አንቀጹ በውሉ ውስጥ ገብቶም የሌሊት ፈረቃው ተጠሪ አይቶት አያውቅ ይሆናል። ውሉ ሲታደስ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ተጠሪው የያዘው የድሮ ቅጂ ነው፤ አለቃው አዲሱን ያነባል። አዲሱን ገጽ አትሞ ለእያንዳንዱ ተጠሪ ማስፈረም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በየፈረቃው ቢያንስ አንዲት ሴት ተጠሪ ወይም ምክትል መኖሯንም በዚያው ዕለት አረጋግጡ፤ ወረቀቷን ለወንድ ለማሳየት የምታፍር ሴት አንቀጹን ሳትጠቀምበት ወደ ቤቷ ትሄዳለች።